ላፕቶፑ ሞቶ ሆም ፎልደሩ ተመስጥሮ ሲቀር፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ማዘርቦርዱ የተቃጠለ ላፕቶፕ ሃርድ ዲስኩ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። አውጥተው በዩኤስቢ መቀበያ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ያገናኙታል። ከ18.04 በፊት በነበሩት የኡቡንቱ (የሊኑክስ ስርዓተ ክወና) ስሪቶች ላይ ሆም ፎልደራቸው፣ ማለትም የግል ፋይላቸው የሚቀመጥበት ፎልደር፣ እንዲመሰጠር የመረጡ ሰዎች ግን በዚህ ብቻ ፋይላቸውን አያገኙም። ያን ጊዜ በጥድፊያ የሚደረገው ነገር ከብልሽቱ የባሰ ጉዳት ያመጣል።

ዊንዶውስ ላይ ሰክቶ «ፎርማት ይደረግ?» ሲባል እሺ ማለት። ዊንዶውስ ሊኑክስ ፋይል የሚያደራጅበትን ኤክስት4 ስለማያውቀው ነው የሚጠይቀው። አይንኩት፤ ኡቡንቱን ከፍላሽ አስነስተው ይክፈቱት።

ፎልደሩ ባዶ ነው ብሎ ተስፋ መቁረጥ። አንድ «ሪድሚ» ፋይልና አንድ አቋራጭ ብቻ ካዩ ዳታው ሌላ ቦታ አለ ማለት ነው። ከስምዎ ፎልደር ጎን «ነጥብ ኢክሪፕትኤፍኤስ» (.ecryptfs) የሚባል ድብቅ ፎልደር አለ፤ ኮንትሮልና ኤችን ሲጫኑ ይታያል።

በስምዎ የተሰየመውን ፎልደር ብቻ ኮፒ ማድረግ። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ሰው ባክአፕ ይዣለሁ ብሎ አሮጌውን ዲስክ ይጥላል። በስምዎ ፎልደር ውስጥ ያሉት «ነጥብ ፕራይቬት» (.Private) እና «ነጥብ ኢክሪፕትኤፍኤስ» ስማቸው ቢመሳሰልም ወደ ድብቁ ፎልደር የሚጠቁሙ ሊንኮች ናቸው እንጂ ዳታ የለባቸውም። ድብቁን ፎልደር ሙሉውን፣ በሩት (በአስተዳዳሪ) ፈቃድ፣ አደረጃጀቱን ሳይቀይሩ ይውሰዱ። «ራፕድ ፓስፍሬዝ» (wrapped-passphrase) የተባለው ፋይል ከ100 ባይት ያነሰ ቢሆንም ቁልፉ ያለው እሱ ውስጥ ነው። እሱን ትተው ብዙ ጊጋባይት ምስጢራዊ ፋይል ቢይዙ ምንም አይጠቅምዎትም።

ፓስወርዱን በሪከቨሪ ሞድ (በኡቡንቱ የመጠገኛ አነሳስ) መቀየር። መግቢያው ይቀየራል፤ ቁልፉ ግን በድሮው ፓስወርድ እንደተቆለፈ ይቆያል። የድሮውን ከረሱ፣ ኡቡንቱ መጀመሪያ ሲገቡ መዝግበው እንዲይዙት የጠየቀዎትን ባለ 32 ፊደል ቁልፍ የድሮ ደብተርዎ ውስጥ ይፈልጉ። ሁለቱም ከሌሉና ፓስወርዱ ጠንካራ ከነበረ፣ እከፍትልዎታለሁ ለሚል ቴክኒሻን ገንዘብ አይስጡ።

ድምፅ በሚያሰማ ወይም በሚንቀራፈፍ ዲስክ ላይ ጥገና መሞከር። «ኤፍኤስሲኬ» (fsck) የሚባለውን የዲስክ ማስተካከያ አያስኬዱበት። በመጀመሪያ «ዲዲሬስኪው» (ddrescue) በተባለው የመቅጃ ፕሮግራም የዲስኩን ሙሉ ቅጂ ጤነኛ ዲስክ ላይ ይውሰዱ፤ የቀዳውን የሚመዘግብበት የማፕ ፋይል ከሰጡት ካቆመበት ይቀጥላል። እያንዳንዱ ፋይል የራሱን ቁልፍ በመጀመሪያዎቹ 8192 ባይቶች ውስጥ ይዟል። ብልሽቱ እዚያች ላይ ካረፈ የፋይሉ ቀሪ ክፍል ጤነኛ ቢሆንም አይከፈትም። ዲስኩን ማድከም የሌለብዎት ለዚህ ነው።

በመጨረሻ «ኢክሪፕትኤፍኤስ ሪከቨር ፕራይቬት» (ecryptfs-recover-private) የሚለውን ትእዛዝ በሱዶ (በአስተዳዳሪ ፈቃድ)፣ ድብቁ ፎልደር ውስጥ ባለው «ነጥብ ፕራይቬት» ላይ ያስኬዱ። ፓስወርዱን ሲቀበል ፋይሎቹን በጊዜያዊው ፎልደር በ«ቴምፕ» ሥር ለንባብ ብቻ ይከፍታቸዋል። እዚያ ስላዩዋቸው ብቻ ኮምፒውተሩን አያጥፉ፤ አስቀድመው ወደ ኤክስተርናል ዲስክ ይገልብጧቸውና ጥቂት ፎቶዎችን ከፍተው ያረጋግጡ።