«ኮዱ ክፍት ነው» ብሎ መተኛትና ሌሎች የግላዊነት ስህተቶች

ሰዎች ስልካቸውንና ኮምፒውተራቸውን እንዲጠብቁ ማሠልጠን ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። «ኮዱ ክፍት ስለሆነ አስተማማኝ ነው» የሚለውን አነጋገር ግን እስካሁን ልለምደው አልቻልኩም። ትዕግሥቴን የሚፈታተነው ይህ ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር።

ኮዱ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበት መመሪያ፣ ክፍት ነው ማለት ማንም ሊያነበው ይችላል ማለት ነው፤ ተነብቧል ማለት አይደለም። በሥልጠና ላይ «የምትጠቀሙበትን መተግበሪያ ኮድ ከፍቶ ያየ ማን ነው?» ብዬ ስጠይቅ እጁን የሚያወጣ የለም። እያንዳንዱ ሌላው አይቶታል ብሎ ያምናል፤ ያ ሌላውም እንዲሁ። ኦፕንኤስኤስኤል የተባለውን የምስጠራ ሶፍትዌር እጅግ ብዙ ድረ ገጾች ይጠቀሙበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው ዕትሙ ውስጥ የነበረው «ሃርትብሊድ» የተባለ ጉድለት ከሰርቨሮች (ከአገልጋይ ኮምፒውተሮች) ማህደረ ትውስታ ምስጢር እንዲቀዳ በር ከፍቶ ነበር። ይፋ የሆነው በ2014 ነው። ኮዱ በእነዚያ ሁለት ዓመታት ውስጥ አንድም ቀን ከሕዝብ ተሰውሮ አያውቅም።

ኤክስዚ ዩቲልስ በተባለው የፋይል መጭመቂያ ላይ የደረሰው ደግሞ ይብሳል። ሊኑክስ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ብዙ ዓይነቶች ውስጥ ያለውን ይህን ሶፍትዌር በዋናነት የሚጠብቀው አንድ የደከመ በጎ ፈቃደኛ ነበር። «ጂያ ታን» በሚል ስም የቀረበ ሰው ከሁለት ዓመት በላይ ጠቃሚ ሥራ እየሠራ አመኔታ አተረፈ፤ ዕትም የማውጣት ሥልጣንም አገኘ፤ በ2024 የጓሮ በር (ስውር መግቢያ) ከተተበት። የጓሮ በሩን ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ነው። ያነቃውም በኤስኤስኤች (ከሩቅ ሆኖ ወደ ኮምፒውተር በሚገባበት መንገድ) ሲገባ የግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየት ማየቱ ነበር። የጓሮ በሩን ወደ ሥራ የሚያስገባው ቁራጭ የነበረው ሁሉ በሚያየው የኮዱ ማከማቻ ውስጥ ሳይሆን ታሽጎ በሚወርደው ጥቅል ውስጥ ነበር። ማከማቻውን ብቻ ያነበበ ሰው አያገኘውም ነበር ማለት ነው።

ይህን ስላችሁ ክፍት ምንጭን (ኮዱ ክፍት የሆነ ሶፍትዌርን) ተዉ ማለቴ አይደለም። ፍሮይንድ ጥርጣሬውን እስከ ሥሩ መከታተል የቻለው ኮዱ በእጁ ስለነበረ ነው፤ እኔም ከተዘጋው ይልቅ ክፍቱን እመርጣለሁ። ነገር ግን ጠይቁ፦ ገለልተኛ ባለሙያዎች ፈትሸውታል? የትኛውን ዕትም? የሚጠብቁት ስንት ሰዎች ናቸው? የምታወርዱት ፋይል ከሚታየው ኮድ የተሠራ ለመሆኑ ማረጋገጫ አለ?

የመተግበሪያን ፋይል ካገኙበት ቦታ ሁሉ ማውረድ ሌላው ስህተት ነው። ትክክለኛው ድረ ገጽም ቢሆን ሊደፈር ይችላል፤ በ2016 ሰርጎ ገቦች የሊኑክስ ሚንትን (የአንዱን የሊኑክስ ዓይነት) ድረ ገጽ ሰብረው ማውረጃውን የጓሮ በር ወዳለበት ቅጂ አዙረውት ነበር። ፋይሉ አለመለወጡን የሚያሳየው የማረጋገጫ ቁጥር ከፋይሉ ጋር በአንድ ገጽ ላይ ብቻ ካለ፣ ገጹን የደፈረ ሁለቱንም ይለውጣል። ስለዚህ ያለ ምስጢራዊ ቁልፋቸው ሊሠራ የማይችለውን የአዘጋጆቹን ዲጂታል ፊርማ አረጋግጡ።

ብዙዎች የመተግበሪያው ኮድ ክፍት ሲሆን የሰርቨሩም እንደዚያው ይመስላቸዋል። የቴሌግራም መተግበሪያ ኮድ ክፍት ነው፤ የሰርቨሩ ግን ዝግ ነው። ተራው ውይይትም ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ (ከተነጋጋሪዎቹ በቀር ማንም የማያነበው) አይደለም፤ «ምስጢራዊ ውይይት» የሚባለውን ራሳችሁ መክፈት አለባችሁ።

ቪፒኤን (ግንኙነታችሁን በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፍ አገልግሎት) አይሰውራችሁም፤ አደራውን ከኢንተርኔት አቅራቢያችሁ ወደ ቪፒኤኑ ባለቤት ያዛውራል እንጂ። ነጻ ከሆነ ደግሞ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን ጠይቁ።

አንዲት ትጉህ ሠልጣኝ ማንነትን ለመሰወር የሚረዳውን ቶር የተባለ አሳሽ ራሷ ጭና፣ ቅንብሩን አስተካክላ፣ በደስታ ጠራችኝ። በመጀመሪያ የከፈተችው በእውነተኛ ስሟ የተመዘገበውን የኢሜይል ሣጥኗን ነበር። ቶር የመጣችሁበትን አድራሻ ይሸፍናል፤ ስማችሁን ራሳችሁ ከተናገራችሁ ምንም ማድረግ አይችልም። ደንግጣ ነበር፤ በማግስቱ ግን ለሌሎቹ ያስረዳችው እርሷ ናት።

የደኅንነት ማሻሻያ ሲመጣ አታዘግዩ፤ ጉድለቱ ይፋ ከሆነ በኋላ አጥቂዎችም ያውቁታል።

እኔም አጥፍቻለሁ። ለዓመታት የተማመንኩበት ክፍት ምንጭ የአሳሽ ተቀጥላ (በድር አሳሽ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) አንድ ቀን የምከፍተውን ገጽ ሁሉ ለማንበብ አዲስ ፈቃድ ጠየቀኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነበርና ሳላነብ ፈቀድኩ። ባለቤቱ መለወጡን ያወቅኩት ከወራት በኋላ ነው። በእነዚያ ወራት የገባሁባቸውን መለያዎች እየቆጠርኩ የይለፍ ቃሎቼን ሁሉ ስቀይር ሁለት ሌሊት አለፈኝ።