አንድነት ፓርክን ከልጆችና ከአያት ጋር በአንድ ቀን ለመጎብኘት

አንድነት ፓርክ ሰፊ ነው፤ ግቢው ኮረብታ ላይ ያረፈ ነው፤ ጉብኝቱም በአብዛኛው በእግር ነው። ስለዚህ ቀኑን የምትለኩት በቤቱ ታናሽ ልጅ እግርና በአያት ጉልበት ይሁን። ከሁለቱ ቀድሞ የሚደክመውን ለዩና ዕቅዱን በእሱ አቅም ሥሩ። ይህ ካልተደረገ ስድስት ሰዓት ገደማ ላይ ሁሉም በአንዴ ይራባል፣ ይደክማል፣ ይነጫነጫል፤ የቀረው ቀን ልጅ በማባበል ያልቃል።

ፓርኩ መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. ተመርቆ የተከፈተ ሲሆን ያለው በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ነው። የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤትም እዚያው ግቢ ነው። ይህን ማወቅ ለሁለት ነገር ይጠቅማል፦ ፍተሻው ጥብቅ የሚሆንበት ምክንያት ይገባችኋል፤ ትልቅ የመንግሥት እንግዳ ሲመጣ በአካባቢው መንገድ ሊዘጋ እንደሚችልም ቀድማችሁ ታስባላችሁ። ከመሄዳችሁ አንድ ቀን በፊት ክፍት መሆኑን፣ የመግቢያውን ዋጋ በአዋቂና በልጅ ለይታችሁ፣ እንዲሁም ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ይሁን በስልክ ጠይቁ። ዋጋ ስለሚቀያየር ዘመድ ከሁለት ዓመት በፊት ከፍሎ የነገራችሁን አትመኑ።

ቀን ስትመርጡ

ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ የተሻለ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መሬቱም ደረቅ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ግን የማለዳው ብርድ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ረፋዱ ላይ ደግሞ ፀሐዩ ያቃጥላል። ልጆችን የምታለብሱት ተደራራቢና በቀላሉ የሚወልቅ ይሁን። በሐምሌና በነሐሴ መሄድ ግድ ከሆነ ውጭ ውጭውን ጠዋት ጨርሱት፤ የክረምቱ ዝናብ ብዙውን ጊዜ የሚወርደው ከሰዓት በኋላ ነውና።

ከበዓላት ውጭ መንገድ የሚያስተጓጉሉ ሁለት ጊዜያት አሉ። አንደኛው በኅዳር ውስጥ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ የሚካሄድበት እሑድ ነው፤ ሩጫው ከመስቀል አደባባይ ስለሚነሳ መሃል ከተማው ጠዋት ይዘጋል። ሁለተኛው በየካቲት የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ የሚደረግበት ሳምንት ነው፤ በሸራተን፣ በካዛንቺስና በቦሌ መንገድ መኪና ቆሞ ሊቀር ይችላል። እነዚህን ቀናት ዝለሏቸው።

ገንዘቡን ከቤት ከፋፍሉት

የመግቢያ፣ የትራንስፖርት፣ የምግብ፣ የልጆች ጨዋታና የመጠባበቂያ ብላችሁ አምስት ቦታ መድቡ። መጠባበቂያው ከጠቅላላው ቢያንስ አንድ አምስተኛው ይሁን፤ ማለትም 5,000 ብር ካሰባችሁ 1,000 ብሩ አይነካም። የዝናብ ቀን የታክሲ ዋጋ፣ የተቀደደ ጫማ፣ ድንገተኛ የሆድ ሕመም ሁሉ ከዚያ ይወጣል። የልጆቹን የጨዋታ ድርሻ ቤት ሳላችሁ ንገሯቸው። “ሁለት ጨዋታና አንድ አይስክሬም” የተባለ ልጅ የቱን እንደሚመርጥ ሲያስብ ይውላል፤ ምንም ያልተነገረው ግን በየደረሰበት ይለምናል፣ እምቢ ሲባልም ያለቅሳል።

ሻንጣው

ለአዋቂ 1 ሊትር፣ ለልጅ ግማሽ ሊትር ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ። ሰፊ ጠርዝ ያለው ባርኔጣ ለሁሉም፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ቢቀዘቅዝም ፀሐዩ ቆዳ ይልጣል። የብርዱ ነገር ብዙ ሰው ያዘናጋል፤ የሕፃን ጆሮና ማጅራት ቀድሞ የሚቃጠለው በደመና ቀን ጭምር ነው። ለየልጁ አንድ ተጨማሪ ካልሲና አንድ ተጨማሪ ሱሪ፣ ሶፍት፣ ትንሽ ሳሙና፣ ሁለት ባዶ ፌስታል (አንዱ ለቆሻሻ፣ አንዱ ለረጠበ ልብስ)፣ ፕላስተር፣ አንድ ከረጢት ኦአርኤስ (ለተቅማጥ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ ዱቄት)። ኦአርኤሱን መበጥበጥ ካስፈለገ አንዱ ከረጢት ለ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው፤ በግማሽ ሊትር መበጥበጥ ጨዉን ስለሚያበዛው ሕፃን ይጎዳል።

የሕፃን ጋሪ ዳገትና ደረጃ ላይ ሸክም ይሆናል፤ አንቀልባ ይሻላል። አዲስ ጫማ ለማንም አታድርጉ። በዚያ ቀን የሚመረቅ ጫማ ከሰዓት በኋላ በእጅ የሚንጠለጠል ጫማ ነው።

ምግብ ይዞ መግባት ይፈቀድ እንደሆነ ዋጋ በምትጠይቁበት ጊዜ አብራችሁ ጠይቁ። ከተፈቀደ ድፎ ዳቦ፣ ሙዝ፣ ያልተላጠ የተቀቀለ እንቁላልና የምስር ሳምቡሳ ያዙ። እንቁላሉ በረፋዱ መክሰስ ያልቅ፤ ለምሳ አይተርፍ። ፍርፍር ወጡ ይፈስሳል፣ ጨጨብሳ በቅቤው የልጆችን እጅና ልብስ ያበላሻል፣ ወተትና ሥጋ ደግሞ በሻንጣ ሙቀት ቶሎ ይበላሻሉ። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ኦቾሎኒ ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ አትስጡ፤ እየሮጠ ሲያኝክ ጉሮሮው ላይ ይቀረቀራል። ቀኑ የጾም ከሆነ፣ ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ፣ ጿሚዎቹ የሚበሉትን ለይታችሁ አስቡበት፤ እናት ለሁሉም አቅርባ ራሷ ጦሟን የምትውልበት ቀን መሆን የለበትም።

መድረስና መግባት

ለሹፌር “ቤተ መንግሥት አድርሰኝ” ማለት አይበቃም። ለአፍሪካ አዳራሽ ቅርብ የሆነው ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ሌላ ነው፤ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያለው ገነተ ልዑልም ሌላ ነው። “አንድነት ፓርክ፣ የጎብኚዎች መግቢያ” በሉ። ራይድ ወይም ፈረስ (በስልክ የሚጠሩ ታክሲዎች) ስትጠሩም ካርታው ላይ ያለው ምልክት የጎብኚዎቹ በር ላይ መሆኑን እዩ፤ የታላቁ ቤተ መንግሥት አጥር ረጅም ነው፣ በየበሩ ፊት መኪና ማቆምም አይቻልም። በተሳሳተ በኩል የወረደ ቤተሰብ ገና ሳይገባ ዳገት ይጠብቀዋል።

መታወቂያ ያዙ። ቢላ፣ መቀስ፣ ላይተርና የመስታወት ጠርሙስ እቤት ይቅሩ። ለመላው ቤተሰብ ሁለት ሻንጣ ይበቃል፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ከያዘ ፍተሻው ላይ ብዙ ትቆማላችሁ፣ አንዱም ተረስቶ ይቀራል። ሰልፍ ላይ ሳላችሁ ልጆቹን አንድ አንድ ፎቶ አንሷቸው፣ ሙሉ ቁመታቸውን፣ የለበሱት ልብስ እንዲታይ። ምክንያቱን ከታች ታገኙታላችሁ።

ከገባችሁ በኋላ፦ እንስሳት መጀመሪያ

ሦስት ሰዓት ላይ በሩ ላይ መሆን ከቻላችሁ በቀጥታ ወደ እንስሳቱ ሂዱ። አንበሳ ከቀኑ አብዛኛውን ሰዓት ተኝቶ የሚያሳልፍ እንስሳ ነው፤ የሚንጎራደደው ጠዋትና ወደ ማታ፣ አየሩ ሲቀዘቅዝ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ የሚደርስ ልጅ የሚያየው ጥላ ሥር የተዘረጋ ጀርባ ነው። ጥቁር ጎፈር ያለውን አንበሳ ቆሞ ለማየት ማለዳውን ተጠቀሙበት፤ ለዚህ ሲባል ሕንፃዎቹን አልፎ መሄድ ያዋጣል። መስታወት ማንኳኳት፣ መጮህና ምግብ መወርወር እንስሳውን ስለሚያስጨንቀው ወደ ጓዳው ይገባል፤ ከኋላ ያሉት ሰዎችም ሳያዩት ይቀራሉ። ይህን ልጆቹ ቀድመው ይወቁት።

ለእንስሳቱ አንድ ሰዓት ተኩል ስጡ። አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ማንም ርቦኛል ሳይል፣ ተቀመጡና መክሰስ ብሉ። መጸዳጃ ቤትም የሚኬደው አሁን ነው፤ ትንንሽ ልጆችን በየሰዓት ተኩሉ ውሰዷቸው እንጂ እስኪጠይቁ አትጠብቁ። ጨዋታ ላይ ያለ ልጅ የሚጠይቀው ሊያመልጠው አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው።

ከዚያ ሕንፃዎቹ። ፀሐዩ ሲከር ጣራ ሥር መሆን ለአያትም ለሕፃንም ዕረፍት ነው። የዳግማዊ ምኒልክ እልፍኝ፣ ቅርጹ እንቁላል የሚመስለው “እንቁላል ቤት”፣ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ግብር ይበላበት የነበረው አዳራሽ፣ የዙፋን ቤቱ፤ ሁሉንም በአንድ ቀን በደንብ ማየት አዋቂንም ያደክማል። ከልጆች ጋር ሁለቱን ምረጡ፤ ከሁለቱ አንዱ የግብር አዳራሹ ይሁን። ልጅ ስፋትን ይረዳል፦ “እዚህ ውስጥ የእናንተ ትምህርት ቤት ሰልፍ ስንት ጊዜ ይገባል?” ብላችሁ በእርምጃ አስለኩት። ቀን ከመጥቀስ ይልቅ እንዲህ ያለው ሥራ ይዘልቅለታል።

የዙፋን ቤቱ ምድር ቤት ለብቻው ይታሰብበት። በደርግ ዘመን ባለሥልጣናት የታሰሩበት ስፍራ ነው፤ ብዙዎቹም ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ተገድለዋል። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ አይግባ፤ ከፍ ላለው ከመግባቱ በፊት በአጭሩና በእውነቱ ንገሩት። አያቶችን ደግሞ “ይግቡ?” ብላችሁ ጠይቋቸው። በዚያ ዘመን ሰው ያጡ ሊሆኑ ይችላሉ። መግባትም አለመግባትም የእሳቸው ምርጫ ነው፤ ካልፈለጉ አንድ አዋቂ አብሯቸው ውጭ ይቀመጥ።

አያት በየሃያ ደቂቃው ወንበር ይፈልጋሉ። ደከመኝ አይሉም፤ ልጆቹ እንዳይቀርባቸው ብለው ይታገሳሉ። ስለዚህ “ልጆቹ ይረፉ” ብላችሁ ሁላችሁም ተቀመጡ።

ምሳና ከሰዓት

ስድስት ሰዓት ከመሙላቱ በፊት ወደ ምግብ ቤት ከገባችሁ ወንበር ታገኛላችሁ፤ ሰባት ሰዓት ላይ ግን ትሰለፋላችሁ። ምሳ እንደበሉ ልጆችን ወደ ዥዋዥዌና መንሸራተቻ አትልቀቁ፤ ሠላሳ ደቂቃ ጥላ ሥር ይቀመጡ። አለበለዚያ የበሉት ይመለሳል።

ከስምንት ሰዓት በኋላ አቅም ካላችሁ ቅርብ ወደሆነው ወዳጅነት ፓርክ ማለፍ ይቻላል። ጳጉሜን 5 ቀን 2012 ዓ.ም. የተመረቀ ሲሆን ሣሩ፣ ሰው ሠራሽ ሐይቁና ፏፏቴው ከጉብኝት በኋላ ለመዝለልና ለመተኛት ይመቻሉ። የራሱ መግቢያ ስላለው ክፍያውን በበጀቱ ውስጥ አስቡ። ዝናብ ከመጣ የሳይንስ ሙዚየሙ በአቅራቢያው ነው። ሁለቱንም አንድ ላይ አታድርጉ። ዓድዋ መታሰቢያም፣ እንጦጦም የየራሳቸው ቀን ይገባቸዋል፤ “እግረ መንገዳችንን” ተብሎ የሚጨመር ሦስተኛ ቦታ ሁልጊዜ በልቅሶ ይዘጋል።

ከፓርኮቹ ይልቅ በማሽን የሚሽከረከሩ ጨዋታዎች ወዳሉበት የገበያ ማዕከል ለመሄድ ከመረጣችሁ አንድ ነገር ጠብቁ፦ አጫዋቹ የእያንዳንዱን ልጅ ቀበቶ በእጁ ስቦ ካላረጋገጠ ልጃችሁን አውርዱ። ነጠላ፣ ስካርፍና ረጅም የአንገት ሐብል ከመሳፈር በፊት ይውለቅ፤ የሚዞር ብረት ጨርቅ ሲይዝ አይለቅም።

ልጅ እንዳይጠፋ፣ ከጠፋም

ልጅ የሚጠፋው ብዙ አዋቂ ባለበት ነው፤ ሁሉም ሌላው እያየው ይመስለዋል። እያንዳንዱን ልጅ ለአንድ አዋቂ በስም ስጡ። ያ አዋቂ ስልክ ሊያነሳ ወይም መጸዳጃ ሊሄድ ሲል “ልጁን ያዝልኝ” ብሎ፣ “ይዤዋለሁ” የሚል መልስ ሰምቶ ይሂድ።

ልጁ ስሙን ከነአባቱ፣ የእናቱን ስም (“እማዬ” ብሎ ብቻ የሚያውቅ ብዙ ነው) እና አሥር አሃዝ ያለውን የወላጁን ስልክ ቁጥር ከሳምንት በፊት ጀምሮ በዜማ ያጥና። ላልቻለ ትንሽ ልጅ ቁጥሩን ጽፋችሁ ኪሱ ውስጥ ክተቱ። ስሙን ግን ልብሱ ላይ በሚታይ ቦታ አትጻፉ፤ ማንም በስሙ ሊጠራው ይችላልና። ሲጠፋ ባለበት እንዲቆም፣ ዩኒፎርም የለበሰ ጥበቃ ወይም ልጆች የያዘች እናት እንዲጠይቅ አስተምሩት።

ከዐይን ከተሰወረ አንድ ሰው መጨረሻ በታየበት ቦታ ቆሞ ይቅር። ሁለተኛው በመጀመሪያ ውሃ ያለበትን ሁሉ፣ ሐይቁንና ፏፏቴውን፣ ይይ፤ መጫወቻው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ሦስተኛው ጠዋት የተነሳውን ፎቶ ይዞ ወደ ጥበቃዎቹ ይሂድ። በዚያ ፎቶ ላይ የልብሱ ቀለም ስላለ “ምን ለብሶ ነበር?” ለሚለው ጥያቄ በድንጋጤ የተሳሳተ መልስ አይሰጥም።

መመለስ

አሥር ሰዓት ላይ ልጆቹ ገና እየሳቁ ሳለ ተነሱ። የረጠበ ልብስና ካልሲ ከመውጣታችሁ በፊት ይቀየር፤ ፀሐዩ ሲያዘቀዝቅ ብርዱ በቶሎ ይመጣል። መኪና የምትጠሩት ግቢው ውስጥ ተቀምጣችሁ፣ የሁሉም ሰው ሻንጣና ጫማ ተቆጥሮ ካለቀ በኋላ ነው። ለመንገዱ አንድ ጠርሙስ ውሃና ጥቂት ሙዝ አስቀሩ። ቤት ስትደርሱ የአያትን እግር በለብታ ውሃ ዘፍዝፉ፤ እራቱ ከጠዋት የተዘጋጀ ሽሮ ይሁን፤ በዚያ ሰዓት ማንም ሽንኩርት መክተፍ የለበትም።