የልጆችን ጥላ ፎቶ በቤት መስኮት ለማንሳት

የልጆቻችሁን የፊት ቅርጽ በጥቁር ጥላ ብቻ የሚያሳይ ፎቶ፣ ሲሉዌት የሚባለውን፣ ቤት ውስጥ በስልካችሁ ማንሳት ትችላላችሁ። ደማቅ መስኮት ካለ ስቱዲዮ አያስፈልግም።

የክፍሉን መብራት አጥፉ። ፍላሽም ይጥፋ። ከመስኮቱ ውጭ ዛፍ ወይም ሕንፃ የሚታይ ከሆነ ስስ ነጭ መጋረጃ ወይም አንሶላ ጋርዱበት፤ ጀርባው ካልጠራ ቅርጹ ይደባለቃል። ልጁን በእናንተና በመስኮቱ መካከል፣ ከመስኮቱ አንድ ሜትር ያህል ራቅ አድርጋችሁ በጎን አቁሙት። በጣም ከተጠጋ ብርሃኑ ጉንጩ ላይ ያርፍና ጥቁሩ ይደበዝዛል።

ዋናው ሥራ ያለው ስልኩ ላይ ነው። ካሜራው ፊት ሲያይ ሊያበራው ይሞክራል። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ ልጁን ሳይሆን መስኮቱን ንኩ። ከዚያ ፊቱ እስኪጠቁር ድረስ የካሜራውን የብርሃን ማስተካከያ ዝቅ አድርጉ። ኤችዲአር (HDR) የሚባለው የካሜራው ቅንብር የሚጠፋ ከሆነ አጥፉት፤ የጨለመውን እየገለጠ ልፋታችሁን ከንቱ ያደርገዋል።

ልጁ ወደ ካሜራው እንዳይዞር። ግንባሩ፣ አፍንጫውና አገጩ ጥርት ብለው የሚለዩት ከጎን ሲታይ ብቻ ነው። ከንፈሩ ትንሽ ከፈት ሲል ደግሞ ይበልጥ ያምራል። ረጅም ፀጉር ካለ አንገት እንዳይሸፍን ወደ ላይ ይታሰር።

ትንንሾቹን «አትንቀሳቀሱ» ማለት ዋጋ የለውም። የሳሙና አረፋ እንዲነፉ ስጧቸው። ከንፈራቸው ወደ ፊት ሹል ይላል፣ አረፋው ብርሃኑ ላይ ይታያል፤ እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው። እነሱ ሲጫወቱ እናንተ በተከታታይ ብዙ አንሱና የተሻለውን ምረጡ።