ከጠረጴዛው ሥር ያለው ማከፋፈያ

ጅማ ውስጥ ቢሮ ያለ ቡና አይውልም። ኮምፒውተሩ በተሰካበት ማከፋፈያ ላይ ስቶቩም ይሰካል፤ ከታች ካሉት ችግሮች አብዛኞቹ የሚጀምሩት እዚያው ነው።

መሰኪያው ይሞቃል፣ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል

አንድ ቀን ጀበናው ሊፈላ ሲል እኔም ቢሮ ይኸው ሽታ መጣ። ጎንበስ ብዬ ሳይ የስቶቩ መሰኪያ የገባባቸው ሁለት ቀዳዳዎች ጠርዛቸው እንደ ቡና መቁያ ጠቁሯል። ማከፋፈያውን ገልብጬ አነበብኩ፦ 10 አምፔር። በ220 ቮልት ሲባዛ የሚችለው 2200 ዋት ነው። ላፕቶፕ 65 ዋት አካባቢ ቢወስድ ነው፤ ስቶቩ ግን ከ1000 እስከ 1500፣ የውኃ ማፍያው ደግሞ እስከ 2000 ዋት ይስባል። ሁለቱን አብሬ ነበር የሰካሁት።

የሚያሞቅ ዕቃ በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰካ፣ ተራ በተራ። ማከፋፈያ በማከፋፈያ ላይ አትቀጥሉ። ትርፍ ገመድ ጠቅልሎ ማሰር ለዓይን ቢያምርም ሙቀቱን ያፍናል፤ ዘርጉት። የጠቆረውን ጣሉት፤ በፕላስተር ጠቅልሎ «ገና ይሠራል» የሚል ሰው በየቢሮው አይጠፋም፣ አትስሙት። ላፕቶፕ ብቻ ተሰክቶበት የሚሞቅ ከሆነ ውስጡ የላላ መገጣጠሚያ አለ፤ እሱም ይቀየር።

የላፕቶፑ ብረት ጣት ይነዝራል

ኧርዝ የሚባለው የመሬት ሽቦ የለም፣ ወይም ባለ ሁለት እግር መቀየሪያ አቋርጦታል። ላፕቶፑ ላይ ንዝረቱ ትንሽ ነው። የውኃ ማፍያው ውስጥ ሽቦ ቢላጥ ግን ያው ጉድለት ሰው ይገድላል። መቀየሪያውን አስወግዱ፤ ካልቀረ ኤሌክትሪሺያን የቤቱን ኧርዝ ይለካ።

ብሬከሩ ይወድቃል

ስታነሱት ወዲያው ከወደቀ ሽቦ ተነካክቷል፤ ቆይቶ ከወደቀ ጭነት በዝቷል። ሁሉንም ነቅላችሁ አንድ በአንድ መልሱ። በትልቅ ብሬከር መተካት ግድግዳ ውስጥ ያለውን ሽቦ ያለ ጠባቂ መተው ነው።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ዕቃ ይቃጠላል

የጅማን ክረምት የምታውቁ ነጎድጓዱንም ታውቃላችሁ። መብራት ሲሄድ ንቀሉ፣ አንድ አምፖል ብቻ አብርታችሁ ተዉ። ከመጣ በኋላ አምፖሉ ሳይርገበገብ አምስት ደቂቃ ሲቆይ መልሳችሁ ሰኩ። ስታብላይዘር የሚረዳው ቮልቴጅ ከፍ ዝቅ ሲል ነው፤ መብረቅን አይመልስም። ሲያጓራ የኢንተርኔት ገመዱም ይነቀል። ዩፒኤስ የሚባለው ባለ ባትሪ ዕቃ መብራት ሲሄድ የጀመራችሁትን ሥራ አስቀምጣችሁ ለማጥፋት የሚበቃ ደቂቃ ይሰጣል፤ ሌዘር ማተሚያ ግን አትሰኩበት፣ ማሞቂያው ከአቅሙ በላይ ነው።

ጣሪያ የሚያፈስ ወይም ወለል በውኃ የሚታጠብ ከሆነ ማከፋፈያው መሬት ላይ አይደር። የእኔ አሁን ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። እንግዳ ሲመጣ ግን በርጩማውን ማን እንደሚያነሣው እየጠበቅሁ ነው የምሠራው።