ልጅ ሲረካከቡ የቀድሞ ባለቤትን መቅረጽ፦ ወላጆች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባልና ሚስት ሲፋቱ ልጁ ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ሌላኛው ወላጅም በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚያየው ፍርድ ቤት የሚወስነው በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አንቀጽ 113 መሠረት ነው። በውሳኔው ላይ «ዘወትር ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ» ተብሎ በአንድ መስመር የሰፈረው ትእዛዝ አራት ኪሎ ካፌ በር ላይ ወይም ስታዲየም አጠገብ ሲፈጸም ግን አንዱ ያረፍዳል፣ ሌላው ልጁን ይዞ ይቀራል፣ ስድብም ይከተላል። ስልክ አውጥቶ መቅረጽ የተለመደው በዚህ ምክንያት ነው። አብዛኞቹ ወላጆች ይህን የሚያደርጉት ለክፋት ሳይሆን ነገ ችሎት ፊት «ማስረጃህ የት አለ?» ሲባሉ ባዶ እጃቸውን ላለመቆም ነው፤ ሆኖም በአያያዝ ጉድለት ራሳቸውንም ልጃቸውንም የሚጎዱ ብዙ ናቸው።

የመጀመሪያው ስህተት ከውጭ አገር በሰሙት ሕግ መመራት ነው። አሜሪካ ያለ ዘመድ «አንተ ራስህ በንግግሩ ውስጥ እስካለህ ድረስ መቅረጽ ትችላለህ» ብሎ ሊመክር ይችላል። ይህ በዋሽንግተን ዲሲና በቨርጂኒያ የሚሠራ ቢሆንም፣ እዚያው አጠገብ ባለችው ሜሪላንድ ግን የግል ንግግርን ለመቅረጽ የተነጋጋሪዎቹ ሁሉ ፈቃድ ያስፈልጋል። የእኛ ሕግ መነሻው ሌላ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፣ መኖሪያ ቤትን፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረጉ ግንኙነቶችንም ይጠብቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 በበኩሉ የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና ለሽያጭ ማቅረብን ይከለክላል፤ አንቀጽ 28 ደግሞ ለፍትሕ ወይም ለፖሊስ ሥራ ሲያስፈልግ እንዲሁም ነገሩ በሕዝብ ፊት የተፈጸመ ሲሆን ፈቃድ የማያስፈልግበትን ሁኔታ ያስቀምጣል። እነዚህን ድንጋጌዎች አብሮ ያነበበ ሰው እንደሚረዳው፣ ካፌ በር ላይ በግልጽ ተይዞ ለዳኛ ብቻ የቀረበ ምስልና በየስልኩ የተዳረሰ ምስል በሕግ ዓይን አንድ አይደሉም።

ሁለተኛውና በእኔ እምነት እጅግ አደገኛው ስህተት የተቀረጸውን ማሰራጨት ነው። «እናትየዋን ሕዝብ ይፍረዳት» ተብሎ ቲክቶክ ላይ የተለቀቀ፣ ወይም «ለቤተሰብ ብቻ ነው» ተብሎ ቴሌግራም ላይ የተላከ ምስል ተመልሶ አይሰበሰብም። ምስሉ ያለ ፈቃድ የወጣበት ሰው ሥርጭቱ እንዲቆምለትና ካሣ እንዲከፈለው ሊጠይቅ ይችላል። ከዚህም በላይ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 በኮምፒውተር ሥርዓት አማካይነት ክብርንና መልካም ስምን የሚያጎድፍ ጽሑፍ፣ ድምፅ ወይም ምስል ማሰራጨትን፣ እንዲሁም ስለ ሰውየው ወይም ስለ ቤተሰቡ ደጋግሞ መረጃ በመላክ ፍርሃትና የሥነ ልቦና ጫና ማድረስን በወንጀል ያስጠይቃል። ትናንት ልጁን ተከልክሎ ከሳሽ የነበረ አባት ዛሬ ተከሳሽ ሆኖ የሚቆመው በዚህ መንገድ ነው።

ሦስተኛው ስህተት በልጁ ቦርሳ ውስጥ መቅረጫ መደበቅ ነው። ከደብተሩና ከምሳ ዕቃው መካከል የድምፅ መቅረጫው የበራ ስልክ ተሸጉጦለት ወደ አባቱ ቤት የሚላክ ልጅ፣ ርክክቡ ካለቀ በኋላም የአባቱን፣ የአያቱንና የእንግዳውን ወሬ ሁሉ ተሸክሞ ይመለሳል። መቅረጫውን የደበቀችው እናት በሌለችበት፣ በሰው መኖሪያ ቤት ውስጥ የተደረገ ንግግር ስለሆነ ከአንቀጽ 26 ጋር በቀጥታ ይጋጫል። የቀድሞ ባለቤትን የቴሌግራም አካውንት በልጁ ስልክ ከፍቶ መልእክቶቹን ማንበብም በአዋጅ 958/2008 ሕገ ወጥ ደራሽነት (ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው የኮምፒውተር ሥርዓት ወይም ዳታ መግባት) ከሚባለው ወንጀል የሚቆጠር ነው።

አራተኛው፣ ልጁን ምስክር ማድረግ ነው። «ንገራቸው እስቲ፣ ከእሱ ጋር መሄድ ትፈልጋለህ?» እያለ አንዱ ወላጅ ስልኩን ወደ ልጁ ፊት ሲያስጠጋ፣ የሰባት ዓመቱ ሕፃን የቦርሳውን ማንገቻ ጨብጦ አንድ ጊዜ ስልኩን፣ አንድ ጊዜ መንገድ ማዶ የቆመውን አባቱን ያያል፤ በመጨረሻም ስልኩን የያዘችው እናቱ ልትሰማ የምትፈልገውን ይናገራል። እንዲህ ያለ ቀረጻ ለዳኛው የሚያሳየው የልጁን ፍላጎት ሳይሆን የተደረገበትን ጫና ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36(2) ፍርድ ቤቶች ሕፃናትን በሚመለከት ውሳኔ ሲሰጡ የሕፃኑን ጥቅም እንዲያስቀድሙ ያዛል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 23632 በ2000 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ በዚሁ መርህ ላይ ተመሥርቶ ልጅን ከወላጅ አባቱ ይልቅ ካሳደገችው አክስቱ ዘንድ እንዲቆይ አድርጓል። የሥጋ አባትነት እንኳ ከሕፃኑ ጥቅም በታች በሚመዘንበት ሥርዓት፣ ልጁን በካሜራ ፊት የሚያስጨንቅ ወላጅ ያሰባሰበው ማስረጃ በራሱ ላይ ሊዞርበት ይችላል። አንቀጽ 113 ሁኔታዎች ሲለወጡ ውሳኔው እንደገና ሊታይ እንደሚችል ስለሚደነግግ፣ ሌላኛው ወገን ይህንኑ ቀረጻ የአሳዳጊነት ለውጥ ለመጠየቅ ሊጠቀምበት እንደሚችል መዘንጋት አይገባም።

አምስተኛው ስህተት ቆርጦ ማቅረብ ነው። እሱ ሲሳደብ የሚያሳየው ግማሽ ደቂቃ ብቻ ተመርጦ ሲቀርብ፣ ከዚያ በፊት የነበረው ንግግር የት ሄደ የሚለው ጥያቄ ወዲያው ይነሣል። የመጀመሪያው ፋይል ሳይነካ በተቀረጸበት ስልክ ላይ መቆየት አለበት፤ ንግግሩም በጽሑፍ ተገልብጦ፣ በሌላ ቋንቋ ከሆነም ወደ አማርኛ ተተርጉሞ ቢያያዝ ለችሎቱ ይቀላል። ማስረጃ ከአቤቱታ ወይም ከመልስ ጋር ተዘርዝሮ መቅረብ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 223 እና 234 ስለሚያዙ፣ ስልክ ይዞ ችሎት ውስጥ «ይኸው ይዩልኝ» ማለት አያዋጣም።

የመጨረሻው ስህተት ቀረጻ ማከማቸትን እንደ መፍትሔ መቁጠር ነው። ልጁን በተወሰነው ሰዓት አላስረክብም ያለ ወላጅ የጣሰው የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው፤ መንገዱም ውሳኔውን ለሰጠው ፍርድ ቤት የአፈጻጸም አቤቱታ ማቅረብ ነው። ለዚህ ደግሞ ከቪዲዮ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚጠቅሙት ቀለል ያሉ ነገሮች ናቸው፦ «በ3 ሰዓት አራት ኪሎ ደርሻለሁ፣ እየጠበቅሁ ነው» የሚል በሰዓቱ የተላከ አጭር መልእክት፣ ቀኑንና የነበሩትን ሰዎች የያዘ ማስታወሻ፣ እንዲሁም ከሁለቱም ወገን ያልሆነና አብሮ የቆመ አንድ ሰው። ንትርኩ የሚደጋገም ከሆነም መረካከቢያው ቦታ እንዲቀየር ወይም ርክክቡ በሦስተኛ ሰው በኩል እንዲሆን በዚያው መዝገብ ትእዛዝ መጠየቅ ይቻላል፤ አቤቱታው ከመግባቱ በፊትም የተቀረጸ ነገር ካለ ለጠበቃ አሳይቶ የትኛው እንደሚያያዝ መወሰን ያስፈልጋል።