ድራይ ሱት ለብሶ ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ መጥለቅ፦ ከአንገት ጎማው እስከ መጨረሻዋ አምስት ሜትር

ሐዋሳ ላይ ድራይ ሱት (ውሃ የማያስገባ የጠላቂ ልብስ) ምን ያደርጋል የሚል ሰው አይጠፋም። ሐይቁ በረዶ አይሠራም፤ ውሃውም ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ገደማ ነው። ግን በዚህ ውሃ ውስጥ ለአንድ ሰዓት የሰመጠ ዕቃ እየፈለጉ ጭቃ ሲዳብሱ መቆየት ጥርስ ያንገጫግጫል። በዚያ ላይ ቢልሃርዚያ አለ። ተሸካሚው ቀንድ አውጣ የሚኖረው ደረት በማይደርሰው ዳርቻ፣ ሣር ባለበት ነው፤ ጠላቂም መሣሪያውን ሲያስተካክል የሚቆመው እዚያው ነው። ልብሱ ሰውነትን ከውሃ ይለያል፤ ፊትና እጅ ግን ክፍት ናቸው። ስለዚህ ዳር ላይ አትቆሙ፤ ከአሞራ ገደል በጀልባ ወጥታችሁ ጥልቅ ቦታ ግቡ።

ይህ ጽሑፍ መሠረታዊ የስኩባ ፈቃድ ላለው ሰው ነው። የድራይ ሱት ሥልጠና ራሱን የቻለ አጭር ኮርስ ነው፤ በፓዲ (የጠላቂዎች ማሠልጠኛ ድርጅት) አሠራር አንዴ ገንዳ ውስጥ፣ ሁለቴ ክፍት ውሃ ውስጥ ይጠለቃል። ከዚህ በታች ያለውም ከአሠልጣኝ ጋር ሲሆን ነው።

ልብሱን መልበስ

ከውስጥ ስስ ፖሊስተር ወይም ሱፍ ልበሱ። ጥጥ አይሆንም፤ ላብ ይመጥጥና ውሃ ውስጥ ያበርዳል። ወፍራሙ የውስጥ ልብስ ሐዋሳ ላይ ትርፍ ሸክም ነው፤ ወፍራም ሲሆን ብዙ አየር ይይዛል፣ ብዙ አየር ብዙ እርሳስ (ለመስመጥ የሚታጠቁት ክብደት) ይጠይቃል፣ ነገሩ እየከበደ ይሄዳል።

ውሃ እንዳይገባ የሚዘጋው የአንገቱና የእጁ ጎማ ከመግባቱ በፊት ሽታ የሌለው ፓውደር ነስንሱበት። ቫዝሊን፣ ቅቤ፣ የፀሐይ ቅባት ላቴክስን (ስሱን ጎማ) ያበላሻሉ። ጭንቅላት ሲገባ ጎማውን በጥፍር ሳይሆን በመዳፍ ገልጣችሁ ያዙ። ከዚያ ጎማው ቆዳ ላይ ለጥ ብሎ መተኛቱን በጣት ዞር እያላችሁ ፈትሹ፤ አንዲት የፀጉር ዘለላ ሥሩ ከገባች ውሃ እሷን ተከትሎ ይወርዳል። ሹሩባ ከጎማው በላይ ይሰብሰብ፤ ጢም ያለው አንገቱን ይላጭ። ማተብ ያሰረ ሰው ክሩን ሙሉ በሙሉ ወደ ደረቱ አውርዶ ከልብሱ ውስጥ ያስቀረው። ክሩ ጎማውን አቋርጦ ካለፈ ውሃ ማስገባቱ አይቀርም።

አዲስ የላቴክስ አንገት ጠበቅ ማለቱ የተለመደ ነው። ጭንቅላት የሚያዞር ከሆነ ግን የአንገትን የደም ሥር እየተጫነ ነውና በዚያ መጥለቅ አይቻልም። ጎማው ላይ ባሉት መስመሮች አንድ በአንድ፣ በተሳለ መቀስ ሳታቋርጡ ቁረጡ፤ ትንሽ ጥርስ ብትቀር እንኳ ከዚያ ይቀደዳል። የኒዮፕሪን (የወፍራም ስፖንጅ መሰል ጎማ) አንገት ግን አይቆረጥም፤ የአየር ሲሊንደር ላይ አጥልቃችሁ ለጠጥ እንዲል ማሳደር ይሻላል።

ዚፑን የምትዘጉት መጨረሻ ላይ ነው፤ ጥላ ሥር ሁናችሁ፣ ጀልባው ለመነሳት ሲዘጋጅ። የሐዋሳ ፀሐይ ላይ ተዘግቶ መቆም ከብርዱ ቀድሞ ይጥላል። ዚፑ እስከ ጫፉ መድረሱን ራሳችሁ ብቻ አትመኑ፣ ሌላ ሰው ይየው። ሁለት ሚሊ ሜትር ክፍት ከቀረ አንድ እግር ሙሉ ውሃ ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ከዚያ ተንበርከኩ፣ በአንድ ጣት የአንገቱን ጎማ ከፈት አድርጉና ትርፉን አየር ጭመቁት።

እርሳሱ ስንት ይሁን

ቀይ ባሕር ወይም ጅቡቲ የተማረ ሰው እዚያ የታጠቀውን ሐዋሳ ላይ ቢታጠቅ ይከብደዋል። ጨው የሌለው ውሃ ወደ ላይ የሚገፋው ከባሕር ውሃ በጥቂቱ ባነሰ ኃይል ነው፤ ከነመሣሪያው 100 ኪሎ የሚመዝን ሰው 2.5 ኪሎ ያህል መቀነስ አለበት። ለመለካት የደረት ቫልቩን (አየር ማስገቢያውን) ሳትነኩ፣ የትከሻ አየር ማስወጫውን ከፍታችሁ፣ እንደተለመደው አየር ስባችሁና ትንፋሽ ይዛችሁ ቀጥ በሉ፤ ውሃው ዓይናችሁ ላይ ከደረሰ ልክ ነው። ይህን በሙሉ ሲሊንደር ከለካችሁ 2 ኪሎ ጨምሩ፤ ከባለ 12 ሊትር ሲሊንደር ጠልቃችሁ እስክትወጡ የሚያልቀው አየር ራሱ ያን ያህል ይመዝናል።

መውረድ

ሁለት ሦስት ሜትር ላይ ልብሱ ቆዳ መቆንጠጥ ይጀምራል። የደረት ቫልቩን ለአንድ ሰከንድ ያህል ጠቅ፣ ቆም፣ ደግሞ ጠቅ። የሚያስፈልገው ቁንጠጣውን የሚያስለቅቅ ብቻ ነው። ለመንሳፈፍ ጃኬቱን (በላዩ የሚለበሰውን አየር የሚሞላ መንሳፈፊያ) ተጠቀሙ። ልብሱን እንደ ጃኬት መሙላት ለጀማሪ አይመከርም፤ የሚንቀሳቀስ ትልቅ አየር ይፈጠራል፣ ቀጥሎ የምናወራውም ስለዚያ ነው።

መውጣት፦ ትምህርቱ ሁሉ እዚህ ላይ ነው

ወደ ላይ ሲወጣ ልብሱ ውስጥ ያለው አየር ይለጠጣል። ባሕር ላይ ከ10 ሜትር ወደ ላይ ሲወጣ እጥፍ ይሆናል። ሐዋሳ ግን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ስለሚገኝ በውሃው ላይ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ዳሩ 82 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ 10 ሜትር ላይ አንድ ሊትር የነበረው አየር ሐይቁ ገጽ ሲደርስ 2.2 ሊትር ያህል ይሆናል፤ አምስት ሜትር ላይ የነበረው 1.6 ሊትር። እያንዳንዱ ትርፍ ሊትር አንድ ኪሎ ወደ ላይ ይስባል። ለውጡ ትልቅ የሚሆነው የመጨረሻዋ አምስት ሜትር ላይ ነው፤ ባሕር ላይ በቂ የነበረ ጥንቃቄ እዚህ ያንሳል።

ከመነሳታችሁ በፊት የትከሻ ማስወጫውን እስከ መጨረሻው ክፈቱ። ከዚያ የግራ ክርናችሁን አንሡ። ክርን ነው እንጂ እጅ አይደለም። የጃኬት ቱቦ ወደ ላይ ማንሳት የለመደ ሰው እጁን ይዘረጋል፤ ያኔ ልብሱ ውስጥ ያለው አየር ወደ እጅ አንጓ ይሄድና በጎማው ሥር ሲያመልጥ ውሃ በምትኩ ይገባል። ክርኑ ከሁሉም ከፍ፣ እጁ ወደ ታች ሲሆን ቫልቩ የልብሱ ከፍተኛ ነጥብ ይሆናል፤ አየሩ በራሱ ይወጣል። አረፋውን ስሙ፤ ድምፁ ከቆመና እየወጣችሁ ከሆነ፣ አየሩ ሌላ ቦታ ተሰብስቧል።

ብዙ ጊዜ የሚሰበሰበው እግር ላይ ነው። ጀማሪ አንገቱን ወደ ታች አድርጎ ሲዋኝ አየሩ ወደ ቦት ይሄዳል፤ እግሩ ወደ ላይ ይሳባል፤ መቅዘፊያው ከእግሩ ሊወልቅ ይችላል፤ ጠላቂውም ተገልብጦ ይወጣል። መፍትሔው ጉልበትን ወደ ደረት ማጠፍ፣ ወደ ፊት እንደ ኳስ መንከባለል፣ ቀጥ ሲባል ወዲያው ክርን ማንሳት ነው። ይህን ሳትደጋግሙ ከገንዳ አትውጡ። ገንዳ ውስጥ ሦስት ሜትር ላይ አሥር ጊዜ መንከባለል ሐይቅ ውስጥ አንዴ ከመደናገጥ ይሻላል፤ የሐይቁ ውሃ ደፍርሶ ከክንድ ርቀት በላይ ብዙም ስለማይታይ ላይና ታቹ ይምታታልና።

ሁለተኛው ችግር የማስገቢያ ቫልቭ ተጣብቆ አየር አላቆም ሲል ነው። በአንድ እጅ ቱቦውን ከቫልቩ ንቀሉ፣ በሌላው ክርን አየር አስወጡ፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ። ወፍራም ጓንት አድርጋችሁ ተለማመዱት። የትከሻው ቫልቭ ካልሠራ አንድ የእጅ ጎማ ከፈት አድርጋችሁ እጁን ወደ ላይ አንሡ። ውሃ ይገባል፣ ግን ሮኬት ሆኖ ከመውጣት ይሻላል።

የሐዋሳ የራሱ ጣጣ

የመጥለቂያ ኮምፒውተራችሁ የከፍታ ቦታ ሞዱ መብራቱን እዩ። በመጥለቂያ ሠንጠረዥ የምትሠሩ ከሆነ 10 ሜትሩን ወደ 12 አድርጋችሁ ቁጠሩ፤ የመውጫ ፍጥነቱንም በደቂቃ ከ7 ሜትር በታች አድርጉ። በዚያው ቀን ወደ አዲስ አበባ መነሳት ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ መውጣት ማለት ነው፤ ዋዜማውን ጠልቃችሁ በማግስቱ ውጡ። አንዴ ብቻ ከጠለቃችሁ 12 ሰዓት፣ ከዚያ በላይ ከሆነ 18 ሰዓት ይጠበቃል።

የዓሣ መረብ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ያድራል። ጀልባ አሽከርካሪውን የት እንደተዘረጋ ጠይቁት፤ ጉማሬ የሚውልበትንም አብራችሁ ጠይቁ። መረብ መቁረጫ በእጅ በሚደረስበት፣ እግር ላይ ሳይሆን ደረት ላይ ይታሰር።

ከወጣችሁ በኋላ

እርጥበት ካገኛችሁ ከየት መጣ ብላችሁ ፈልጉ። ብብትና ጀርባ ላይ ያለው ብዙውን ጊዜ ላብ ነው። ከእጅ አንጓ ወደ ክርን የተንጠባጠበ ከሆነ ዕቃ ሲጨበጥ የሚወጣው ጅማት በጎማው ሥር ቦይ ከፍቷል ማለት ነው፤ ጎማውን ወደ ክርን ጥቂት ከፍ አድርጉት፣ የአንጓው ጅማት ዝቅ ወደሚልበት።

በቧንቧ ውሃ እጠቡት፣ ጥላ ውስጥ አድርቁት። ጄኔሬተር ያለበት ክፍል አታንጠልጥሉት፤ ከሞተሩ የሚወጣው ኦዞን ላቴክስ ይሰነጥቃል። የነሐስ ዚፕ ካለው ተዘግቶ እያለ ጥርሱን ከውጭ በኩል በሰም አሹት። የፕላስቲክ ዚፕ ሰም አይወድም፤ ለጫፉ ብቻ አብሮት የመጣውን ቅባት ንኩበት።