መጠይቁ የሚለካው ድብርትን ነው ወይስ ድካምን?

«መጠይቁ ተረጋግጧል» መባሉ ብቻውን ብዙ አይነግራችሁም። የት፣ በእነማን ላይ፣ ለምን ጉዳይ? በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣው ባለ9 ጥያቄ የድብርት መጠይቅ ፒኤችኪው-9 ጥሩ ምሳሌ ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ ከ0 እስከ 3 ነጥብ አለው፤ ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል፤ የተለመደው መለያ ነጥብ (ከዚያ ጀምሮ ድብርት ሊኖር ይችላል የሚባልበት) 10 ነው። አማርኛው ቅጂ አዲስ አበባ በሆስፒታል ተመላላሽ ታካሚዎች ላይ ሲፈተሽ 10 ተስማሚ ሆኖ ተገኘ። በገጠር ጤና ጣቢያዎች ግን የተሻለው 5 ነበር።

አስተማማኝነት ውጤቱ በአጋጣሚ አለመዋዠቁ ነው። ተገቢነት (ትክክለኛነት የሚሉትም አሉ) ከውጤቱ ተነስተን የምንሰጠው ፍርድ የሚያስኬድ መሆኑ ነው። የሚዋዥቅ ውጤት ተገቢ አይሆንም፤ የረጋ ውጤት ግን ድብርትን ትቶ ድካምን ሲለካ ሊኖር ይችላል።

ቁጥር ከማስላታችሁ በፊት ከ10 እስከ 15 ሰዎች እያንዳንዱን ጥያቄ በራሳቸው አነጋገር መልሰው እንዲነግሯችሁ አድርጉ። የእንቅልፍ ጥያቄው ማጣትንም ማብዛትንም አንድ ላይ ይጠይቃል፤ «አዎ» ያለው ሰው የቱን ማለቱ ነው? «ከግማሽ በላይ ቀናት» የሚለውም ምርጫ ያደናግራል። መጠይቁ ስላለፉት 2 ሳምንታት ስለሚጠይቅ፣ ከ14 ቀን 8ና ከዚያ በላይ ማለት እንደሆነ ጠያቂዎቹን አሠልጥኑ።

ቀጥሎ ክሮንባክ አልፋ፦ ጥያቄዎቹ ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ የሚያሳይ የአስተማማኝነት ቁጥር። የጥያቄዎቹ ቫሪያንስ (የነጥቦች መበታተን መጠን) ድምር 7.2፣ የጠቅላላ ነጥቡ ቫሪያንስ 24 ቢሆን፦ 9/8 × (1 − 7.2/24) = 0.79። ለጥናት 0.70 ይበቃል ይባላል፤ ከ0.95 ካለፈ ግን አንዱን ጥያቄ ደጋግማችሁ ጠይቃችሁ ይሆናል። የሌላ ጥናት አልፋ መገልበጥ ትርጉም የለውም፤ ከራሳችሁ መረጃ አስሉ። ሶፍትዌሩ «ይህ ቢወጣ አልፋ ያድጋል» ስላለም ጥያቄ አትሰርዙ። አንዳንዴ የሚጠቆመው ጥቂት ሰው ብቻ «አዎ» የሚለው፣ ራስን ስለመጉዳት የሚጠይቀው ነው፤ እሱ ከወጣ አልፋው ያምራል፣ መጠይቁ ይጎድላል።

ለድጋሚ ፈተና፣ ማለትም ያንኑ መጠይቅ ለዚያው ሰው እንደገና ለመስጠት፣ ከ1 እስከ 2 ሳምንት በቂ ነው። የመጀመሪያው በሁዳዴ፣ ሁለተኛው ከፋሲካ በኋላ እንዳይውል፤ የምግብ ፍላጎት ጥያቄው ከድብርት ጋር በማይገናኝ ምክንያት ይዛባል። የሁለቱ ዙር ነጥቦች አብረው መውጣት መውረዳቸውን ብቻ የሚያሳየው የፒርሰን ተዛምዶ እዚህ ያታልላል፦ ሁሉም ሰው በሁለተኛው ዙር እኩል 3 ነጥብ ቢጨምር ፍጹም 1 ይሰጣችኋል። ስለዚህ ነጥቦቹ ራሳቸው እኩል መሆናቸውን፣ ማለትም ፍጹም መጣጣምን የሚለካውን አይሲሲ (ICC) የተባለ የተዛምዶ ቁጥር ተጠቀሙ።

ከዚያ የስህተቱን ስፋት አውጡ፦ መደበኛ ልይይት (ነጥቦቹ በተለምዶ ከአማካያቸው የሚርቁበት መጠን) × √(1 − አስተማማኝነት)። ልይይቱ 5፣ አስተማማኝነቱ 0.84 ከሆነ ስህተቱ 2 ነው። 11 ያገኘ ሰው እውነተኛ ነጥቡ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ከ7 እስከ 15 መካከል ነው ማለት ነው። 9 እና 11 ያገኙ ሁለት ሰዎችን «አንዱ ታማሚ፣ አንዱ ጤነኛ» ብሎ መለየት የማያዋጣው ለዚህ ነው።

ተገቢነት ከዚህ በላይ ያደክማል። ለማነጻጸር የሠለጠነ ባለሙያ የመጠይቁን ውጤት ሳያይ ለየብቻ ቃለ መጠይቅ ያድርግ፤ ውጤቱን ካየ ፍርዱ ወደዚያው ያዘነብላል። በአዲስ አበባው ጥናት በ10 መለያ ነጥብ መጠይቁ ድብርት ካለባቸው 86 በመቶውን ያዘ፣ ከሌለባቸው 67 በመቶውን «የለባቸውም» ብሎ አሳለፈ። ጥሩ ይመስላል። ግን ከ1,000 ሰው 100ው ድብርት ያለባቸው ቢሆኑ 86ቱ ይያዛሉ፤ ከ900ው ደግሞ 297ቱ በስህተት ይያዛሉ። መጠይቁ ከለያቸው 383 ሰዎች በእርግጥ የታመሙት 22 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ሳንባ ነቀርሳ ወይም ሌላ ሕመም ያለበት ሰውም በድካም፣ በእንቅልፍና በምግብ ፍላጎት ጥያቄዎች ብቻ እስከ 9 ሊደርስ ይችላል። እንግዲህ መጠይቁ ማጣሪያ እንጂ ምርመራ አይደለም፤ የተለየው ሁሉ ወደ ባለሙያ ይሂድ።

ራስን ስለመጉዳት የሚጠይቀው ዘጠነኛው ጥያቄ ግን ድምር አይጠብቅም። ከ0 የተለየ መልስ የሰጠን ሰው፣ ጠቅላላ ነጥቡ 2 ቢሆን እንኳ፣ በዚያው ዕለት ባለሙያ ያነጋግረው።